ከበዓል ማዕድ በኋላስ? በደሴና በዙሪያዋ የእምነት ቤት ወጣቶች ለአካል ጉዳተኞች ምን ይሥሩ?

የጦሳ ልጅ (ርዕሱን የከፈተችው)

ሰላም ያገሬ ሰዎች፣ እንዴት ከረማችሁ?

እኔ ደሴ ነኝ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶችና የሰፈራችን መስጊድ ጀመዓ ልጆች በዓል ሲመጣ አብረን እንሠራለን። ለገናና ለፋሲካ እኛ እንጠራቸዋለን። ለኢድና ለአረፋ እነሱ ይጠሩናል። ዘይት፣ ዱቄት፣ ልብስ ሰብስበን አካል ጉዳተኛ ያለበትን ቤት እንዞራለን። ቡና ይፈላልናል፣ እንመረቃለን፣ እንመለሳለን።

ባለፈው አረፋ የጎበኘናቸው አንድ አባት ግን ከምርቃቱ በኋላ እንዲህ አሉን፤ «ዱቄቱንስ ጎረቤትም አይነፍገኝ። ጁምዓ የሚያደርሰኝ ነው ያጣሁ።» መስጊዱ እኮ ከደጃቸው ይታያል። አዛኑ አልጋቸው ድረስ ይሰማል። መንገዱ ግን ዳገት ነው፣ ድንጋዩም የተነቃቀለ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባችን ሁሉ ክርክር ሆኗል። ገንዘብ የለንም፣ ሥልጠናም የለንም። ጊዜና ጉልበት አለን። በዓል ሳንጠብቅ ምን መሥራት እንችላለን? ውጭ አገር ያለ የሰፈራችን ልጅ ያገለገሉ ዊልቸሮች ሰብስቦ ሊልክልን ይፈልጋል፤ ይላክ እንበለው? ግማሾቻችን ደግሞ «ስንሰጥ እንቀረጽ፣ ቪዲዮው ሌላ ሰጪ ያመጣል» ይላሉ። ልጃቸውን ከቤት የማያወጡ ወላጆችም አሉ። እነሱን እንዴት ነው የምንቀርባቸው?

በተለይ ራሳችሁ አካል ጉዳተኛ የሆናችሁ ብትጽፉልን ደስ ይለናል።

ባለ ክራንቹ

ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። ብዙው ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚመጣው።

እኔ ቀኝ እግሬን ከጉልበት በታች ያጣሁት በ2014ቱ ጦርነት ነው። ሰው ሠራሽ እግር አለኝ። ራቅ ስል ክራንች እጨምራለሁ። የማወራው ስለ ራሴ ነው። ዓይነ ስውሩ ስለ ራሱ ይንገራችሁ።

ቪዲዮውን ተዉት። ልጆቼ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አባታቸው ዘይት ሲቀበል የሚያሳይ ቪዲዮ በጓደኞቻቸው ስልክ ሲዞር አስቢው እስቲ። «አስፈቅደን ነው» ትላላችሁ። ዘይቱን ይዛችሁ ደጁ ቆማችሁ ስታስፈቅዱት እምቢ የሚል ማን አለ? ደግሞ ቀኝህ የሰጠችውን ግራህ አትወቅ የሚለው ነገር በወንጌልም አለ፣ በሐዲስም አለ። ሁለታችሁም ቤት የታዘዘውን ማክበር ነው።

አሁን ሰው ልብ የማይለውን ነገር ልንገርሽ። ሰው ሠራሽ እግር የሚስተካከለው በጫማሽ ተረከዝ ቁመት ነው። ጫማውን ስታወልቂ ተረከዙ ዝቅ ይልና ወደ ኋላ ይጥልሻል። እኛ ዘንድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ጫማ ይወለቃል። በዚህ ብቻ ሶላቱን ቤቱ ያደረገ ሰው አውቃለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ተረከዙ እኩል የሆነ፣ ውጭ ያልረገጠ ንጹሕ ጫማ ለውስጥ ብቻ ማስቀመጥ ነው። ኢማማችንን ሄጄ ጠየቅኋቸው። «አላህ ያግራልህ፣ ግባ» አሉኝ። እስክጠይቅ ድረስ ግን ያሰበው የለም።

ዉዱእ ማድረጊያውም፣ ከሶላት በፊት የምንታጠብበት፣ ሌላ ጣጣ ነው። ሲሚንቶው ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ መያዣ የለውም። የክራንች ጫፍ ጎማ ሲያልቅ እዚያ ላይ መቆም በሳሙና ላይ መቆም ማለት ነው። ግድግዳው ላይ አንድ የሚያዝ ብረት አስበይዱ። አንድ ዝቅ ያለ መቀመጫ አኑሩ። ለክራንች ተጠቃሚ ስጦታ ካሰባችሁም ያንን ጎማ ግዙለት። ከዘይት ይረክሳል፣ የክረምቱን የደሴ ኮብልስቶን ያሻግረዋል።

አባትዬው የጠየቋችሁን ደግሞ ወይ አትጀምሩት፣ ከጀመራችሁ ግን አታቋርጡት። አንድ ጁምዓ ወስዳችኋቸው ብትጠፉ ከበፊቱ የባሰ ነው። በሚቀጥለው ጁምዓ ለባብሰው ቁጭ ብለው ነው የሚጠብቋችሁ።

ሰናይት ዘገራዶ

የጫማውን ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለሰበካ ጉባኤያችን ዛሬውኑ እነግራለሁ።

ፊዚዮዋ

እዚሁ ወሎ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ነው የምሠራው። ስለ ዊልቸሩ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ታገሡኝ።

«ይላክ» ከማለታችሁ በፊት ለማን እንደሆነ እወቁ። ዊልቸር ልክ አለው። መቀመጫው ከሰፋ ሰውዬው ወደ ጎን ይጣመማል፣ ውሎ አድሮ ጀርባው ይጎብጣል። የእግር መርገጫው ከፍ ካለ ክብደቱ ሁሉ ወገቡ ሥር ያርፋል። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ደግሞ ከወገቡ በታች ስሜት የለውም። ቆዳው ሲጎዳ አይሰማውም። መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ከዚያ ቁስሉ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሰው በዚህ ቁስል ይሞታል። አልጋ ላይ በመዋል ብቻ ሳይሆን የማይሆን ወንበር ላይ በመዋልም ይመጣል። ስለዚህ ወንበሩ ያለ ትክክለኛ ትራስ ግማሽ ዕቃ ነው። ተቀማጩም ከ15 እስከ 30 ባለው ደቂቃ አንድ ጊዜ ራሱን ከፍ እያደረገ ወይም ወደ ጎን እያዘነበለ ደም እንዲዘዋወር ማድረግ አለበት።

ከውጭ በብዛት የሚላከው ደግሞ የሆስፒታል ኮሪደር ወንበር ነው። የፊት ጎማው ትንሽና ጠንካራ ነው። ለስላሳ ወለል ላይ ጥሩ ነው። የኛ መንገድ ላይ ድንጋይ ሲነካው ቀጥ ይልና ሰውዬውን በፊቱ ይደፋዋል። ጎማው ሲፈነዳም እዚህ የሚገጥመው አይገኝም። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ባለ ሦስት ጎማ በእጅ የሚነዳው ብዙ ሰው ያወጣል። ደሴ ዳገት ላይ ያው ብስክሌት ብሬኩ ካልጠበቀ አደጋ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዊልቸር መመሪያ መለካት፣ ማስተካከል፣ ተጠቃሚውን ማሠልጠንና ተመልሶ ማየት ሁሉም የአገልግሎቱ አካል ናቸው። ማደል ብቻውን አገልግሎት አይደለም። ደሴ ውስጥ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ። ልጁ ዕቃውን ከመላኩ በፊት ባለሙያ አማክሩ። ገንዘቡን ለታክሲና ለጥገና ቢልከው ብዙ ጊዜ ይሻላል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። እግሩ ወደ ውስጥ ተጠማዞ የሚወለድ ሕፃን አለ። ክለብ ፉት ይሉታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተጀመረ ያለ ትልቅ ኦፕሬሽን ይድናል። ፖንሴቲ የሚባል ዘዴ ነው። እግሩ ቀስ ተብሎ ይታሻል፣ በጀሶ ይታሰራል፣ ጀሶው በየሳምንቱ ይቀየራል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይበቃል። ከዚያ በትንሽ ቀዶ ጥገና የተረከዙ ጅማት ይላላል። ቀጥሎ በብረት የተያያዘ ጫማ አለ። ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ልጁ 4 ዓመት እስኪሞላው ሲተኛ ብቻ ያደርጋል።

አያችሁ? ሕክምናው ከባድ አይደለም። ከባዱ በየሳምንቱ መመላለሱ ነው። ከመቅደላ ወይም ከወሎው ቦረና አራስ ልጅ አቅፋ የምትመጣ እናት ስድስት ሳምንት በተከታታይ እንዴት ትመላለስ? ሦስተኛው ጀሶ ላይ ትቀራለች። እግሩ ይመለሳል፣ ልጁ አንካሳ ሆኖ ያድጋል። ከዚያ ሃያ ዓመቱ ላይ በበዓል ቀን ዘይት ትወስዱለታላችሁ።

የኛ ሰው እንግዳ መቀበል ያውቅበታል። ለግሸን ማርያም ተጓዥ፣ ለጀማ ንጉሥ መውሊድ መጪ መኝታና እህል አጥቶ አያውቅም። ያንኑ ለዚህች እናት አድርጉላት። ከማዕከሉ አጠገብ ያሉ ቤቶች ተራ ይዘው ለስድስት ሳምንት አንድ ፍራሽ ቢያዘጋጁ፣ አንድ ሰው ቀጠሮዋን ቢያስታውሳት አንድ እግር ዳነ። ከዚህ የሚበልጥ በጎ ፈቃድ አላውቅም።

ደረሳው ከሐይቅ

አሰላሙ ዐለይኩም። ለክርስቲያን ወንድምና እህቶቼም ሰላም ብያለሁ።

በቁርኣን ውስጥ ዐበሰ የምትባል ሱራ አለች። 80ኛዋ ናት። ነቢዩ ﷺ ለቁረይሽ ሹማምንት ሲናገሩ አንድ ዓይነ ስውር ሊጠይቃቸው መጣ። ፊታቸውን አዞሩበት። አላህ በዚህ ወቀሳቸው። ያ ሰው አብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ነው። ከዚያ በኋላ ነቢዩ ያከብሩት ነበር። ከቢላል ጋር ሙአዚን፣ አዛን አድራጊ፣ ሆነ። ከመዲና ሲወጡም እሱን ተክተው ይወጡ ነበር።

ይህን ታሪክ እያንዳንዱ ደረሳ ያውቀዋል። ግን ልጠይቃችሁ። የመስጊዳችን ኮሚቴ ውስጥ ዓይነ ስውር አለ? አዛን የሚያደርግ አለ? እኛ ዘንድ አካል ጉዳተኛው የሚታወቀው በሩ ላይ ነው።

ስለ ዘካም አንድ ነገር ልበል። ዘካ የሚገባው ለድሃና ቁርኣን ለዘረዘራቸው ለሌሎቹ ሰባት ወገኖች ነው። አካል ጉዳተኝነት ብቻውን ድህነት አይደለም። ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ሱቁን የሚነግድ፣ ዘካ አውጪ ሰው አለ። እሱን ለምጽዋት አትቁጠሩት፣ ይቀየማል። እውነቱን ነው።

ለእኝያ አባት ጁምዓ ግዴታ አይሆንባቸውም። ለማይችል ሰው ሸሪዓው አግርቶለታል። ግን ገሩ ነገር የተሰጠው ለእሳቸው ነው። ለኛ ስንፍና ማስረጃ አይሆንም።

ዲያቆኑ

ሐይቅ ላይ ካለው ወንድሜ ቀጥሎ መጻፍ ከባድ ነው። በኛም ቤት ያለውን ልጨምር።

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ይባላል። ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ይነበባል። 38 ዓመት የታመመ ሰው መጠመቂያው ዳር ተኝቷል። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ውኃው ሩቅ አልነበረም። የሚያስገባው ሰው ነው ያጣው። በየዓመቱ ይህን እናነባለን፣ በየዓመቱ ስለ ተአምሩ እንሰብካለን። ስለ ጎደለው ሰው ስንሰብክ ግን ብዙም አልሰማሁም። የእኝያ አባት «ያጣሁ» ያሉት ይኸው ነው።

ማርቆስ ወንጌል ላይ ደግሞ ሽባውን ለአራት ተሸክመው መጥተው በሩ ቢጨናነቅባቸው ጣሪያ አፍርሰው ያወረዱ አሉ። እኛ ደረጃው ጎን ሲሚንቶ ማፍሰስ አቅቶናል። እንደው ለሚሠራው ሰው ልንገር። መወጣጫው ለ1 ሴንቲ ከፍታ 12 ሴንቲ ርዝመት ይፈልጋል። ባለ 15 ሴንቲ ሦስት ደረጃ ካለ ከ5 ሜትር በላይ መሆኑ ነው። በሁለት ሜትር ጨርሰው «ራምፕ ሠራን» የሚሉ አይቻለሁ። ፍየል ነው የሚወጣው።

ስለ ጠበልም ሳልናገር አላልፍም። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ጠበል ሲሄድ መድኃኒቱን የሚያስጥሉት አሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከቆመ የማያባራ ጥቃት አምጥቶ ሊገድል ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ያው ነገር ለዚህም ይሠራል። ጠበል ቦታ የምታገለግሉ ወጣቶች ካላችሁ አንድ ሥራ ይኸውላችሁ፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ መዋጡን ተከታተሉ።

እናት ከኮምቦልቻ

ልጃቸውን ከቤት የማያወጡ ስላልሻቸው ልመልስልሽ፣ የጦሳ ልጅ። አንዷ እኔ ነኝ።

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ነው ያሉት፣ የአንጎል ጉዳት ነው። አይቀመጥም፣ አይናገርም። ይስቃል ግን፣ ሰውም ይለያል። ሰው «ደብቃው ነው፣ አፍራበት ነው» ይላል። ያፈረ ሰው የለም። ከብዶኛል እንጂ። ትልቅ ልጅ አዝዬ ገበያ ልሄድ ነው? ትቼው ከሄድኩ በሩን እቆልፋለሁ። ምን ላድርግ?

ሰዎች ሲመጡ መጀመሪያ የሚሉት «ምን ብትበድይ ነው?» ነው። የምትወዱኝ ይህን እንዳትሉኝ። አንድ ቄስ ዮሐንስ 9ን አንብበውልኛል። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን እንደበደለ ሲጠይቁ «እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም» ተብለዋል። ያን ቀን አልቅሼ ወጣልኝ። ጎረቤቶቼም ቢያነቡት።

የምፈልገው ሁለት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ልጄን የሚይዝልኝ ሰው ባገኝ ገበያ ወጥቼ፣ ቅዳሴ አስቀድሼ እመለሳለሁ። ግን አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ብቻውን አይመጣም። ሁለት ሆናችሁ ኑ፣ አንዷ ሴት ትሁን፣ መጀመሪያ እኔ ባለሁበት ልመዱት። አመጋገቡን አሳያችኋለሁ። ተቀምጦ፣ አንገቱ ተደግፎ፣ በትንሽ በትንሹ ነው። አጋድማችሁ ብታጎርሱት ያንቀዋል። በራችሁ ይከፈት፣ እኔም ሳልነግራችሁ ብመለስ አትቀየሙ። ልጄ ቢጎዳ መናገር አይችልም።

ፊዚዮዋ

እህቴ፣ የጻፍሽው ሁሉ ልክ ነው። የምትመጡት ልጆች የመጨረሻውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሁለት ሆኖ መሄድ ልጁንም ይጠብቃል፣ እናንተንም ከሐሜት ይጠብቃል።

ሕግ ሕጉን

ሁሉም ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። «ወሎ የፍቅር አገር» እያልን መንግሥት መሥራት ያለበትን በነጠላና በጋቢ ልንሸፍን ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አካል ጉዳተኞችን ይደግፋል ይላል። የሥራ ስምሪት መብታቸው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች አዝዟል። በ2002 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቀናል። በየከተማው አዲስ የሚሠራውን ሕንፃ ግን እዩት። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄጄ የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ የሚታይበት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ምጽዋት መብትን እንዳያስረሳን።

ባለ ክራንቹ

ወንድሜ ልክ ነህ። አዋጁ እስኪሠራ ድረስ ግን ደረጃው ላይ ልቀመጥ? ልጆቹ ይደግፉኝና አብረን ሄደን እንጠይቃለን። አንተም ና፣ አንቀጹን ታነብልናለህ። ደግሞ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም ሕዝብ የሚገለገልበት ነው። ከዚያ እንጀምር።

ድምፅ አንባቢው

ይህን የምጽፈው በስልኬ ድምፅ አንባቢ እየታገዝኩ ነው። ዓይነ ስውር ነኝ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ።

አጭር ጥያቄ ነው ያለኝ። መጽሐፍ ቅረጹልኝ። ደህና የሚያነብ ልጅ በሳምንት አንድ ምዕራፍ በስልኩ ቀርጾ በቴሌግራም ቢልክልኝ ዓመቱን እጨርሳለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ሌሎችም ይጠቀሙበታል። ፈተና ላይ አንባቢና ጸሐፊ ያስፈልገናል። የፊዚክስ ምልክት የማያውቅ ሰው ሲመጣልኝ የማውቀውን ጥያቄ እስታለሁ።

መንገድ ላይ ስታገኙኝ እጄን አትጎትቱ። ክርናችሁን ስጡኝ፣ እኔ እይዛለሁ። ስትሄዱም «ሄድኩ» በሉ። ከሄደ ሰው ጋር ብቻዬን ሳወራ ቆሜ አውቃለሁ 😄

አባቶቻችን ቅኔና ዜማ በቃል ያስተምሩ ስለነበር ዓይነ ስውር የኔታ ብርቅ አልነበረም። ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ሐፊዝም እንደዚያው። ዘመናዊው ትምህርት ነው ወረቀት ላይ አስሮን ያስቀረን።

የወንድሜ እህት

መስማት የተሳነው ወንድም አለኝ፣ ባቲ ነው የሚኖረው። ስለ መስማት የተሳናቸው ማንም አላነሣም። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። እግሩ ደህና ስለሆነ ጉዳቱ አይታይም።

ባለፈው የቅሬ፣ የዕድር ማለቴ ነው፣ ሰዎች ቀጡት። ሰው ሞቶ ጡሩንባ ተነፍቶ አልመጣም ተብሎ። ጡሩንባውን በምን ይስማው? ገንዘቡ ትንሽ ነበር። ግን ቀብር የቀረ ሰው መባል እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስንት ቀን አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ።

ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም ከሰው ጋር ይነሣል፣ ከሰው ጋር ይሰግዳል። ስብከት የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። የምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው ካለ ከሰባኪው ጎን፣ ብርሃን ባለበት ይቁም። መስኮት ጀርባው ካለ እጁ አይታይም። አንድ ሳምንት ፊደል በጣት አጥንቶ «አስተርጓሚ ነኝ» የሚል ግን አይምጣብን። ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የሚያስተምረው ነገር ነው። መማር የምትፈልጉ ራሳቸው መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ተማሩ። ሻይ ጋብዟቸው፣ ቁጭ በሉ፣ ይስቁባችኋል፣ ትለምዳላችሁ።

የቅሬ ጸሐፊ

ልጆች፣ የባቲዋን ልጅ ሳነብ ደነገጥኩ። በኛም ቅሬ እንዲህ ያለ ሰው ሊኖር ይችላል። ነገ መዝገቡን አያለሁ።

እናንተ ማኅበር እናቋቁም፣ ማኅተም እናስቀርጽ እያላችሁ እንዳትደክሙ። ቅሬ አለላችሁ። እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ ነው። በየወሩ ይሰበሰባል፣ ገንዘብ ይይዛል፣ ማን የት ቤት እንዳለ ያውቃል። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ቃሬዛ አለው። የሞተውን ለመሸከም ስንደራጅ ኖረናል። በሕይወት ያለውን ጁምዓና ቅዳሴ ለማድረስ ምን ያግደናል?

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። በወርሃዊው ስብሰባ አንድ ጉዳይ ይያዝ። በየቤቱ ማን ምን እንደሚቸግረው ይጠየቅ፣ ፈቃደኛው ብቻ ይመዝገብ። ለማይሰማው ሰው በጡሩንባው ፋንታ ጎረቤቱ ሄዶ እንዲነግረው በስም ይመደብ፣ ወይ በስልክ ይጻፍለት። ቀብር መቆፈር የማይችለው ደግሞ ከቁፋሮና ከቅጣት ነፃ ይሁን።

ባለ ክራንቹ

አንቱ ሁሉንም ተናገሩት። የመጨረሻዋን ብቻ አልቀበልም። ነፃ አታድርጉኝ። ሌላ ሥራ ስጡኝ። ነፃ የሆነ ሰው ቀስ ብሎ ከስብሰባው ይቀራል። ከዚያ ከምክሩ ይቀራል። መቆፈር አልችልም፣ መዝገብ መያዝ ግን እችላለሁ። ድንኳን ሥር ዕቃ መቁጠር እችላለሁ። ገንዘብ መሰብሰብ እችላለሁ፣ ያውም ማንም አያመልጠኝም።

የቅሬ ጸሐፊ

እሺ፣ ተቀበልኩህ። እኔም ጸሐፊነቱ ሰልችቶኛል፣ የኛ ቅሬ አባል ብትሆን ዛሬ አስረክብህ ነበር።

የጦሳ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ትናንት ማታ ተሰብስበን ይህን ሁሉ ጮክ ብለን አነበብነው። ተጨቃጨቅን፣ ግን ተስማማን።

ቪዲዮ ቀርቷል። ዊልቸሩን «ቆይ» ብለነዋል። ልጁ መጀመሪያ ተቀይሞ ነበር፣ የፊዚዮዋን ጽሑፍ ስንልክለት ገባው። ለባጃጅና ለጎማ የሚሆን ብር ይልካል። ስለ ስድስት ሳምንቷ ፍራሽ ሁለት ቤቶች «እኛ ጋ» ብለዋል፣ አንዱ የሙስሊም አንዱ የክርስቲያን ቤት ነው። የሁለቱም ድስት ለየብቻ ስለሆነ የምትመጣው እናት የሚመቻትን ትመርጣለች። ኮምቦልቻ ላለችው እናታችን እዚያው የሚኖሩ ሁለት ሴት ልጆች አግኝተናል፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ። መጽሐፉን የሚያነብ ድምፀ መልካም ልጅ አለን። ፊዚክሱን ግን መምህር እየፈለግን ነው።

እኝያን አባት ጁምዓ ለማድረስ ለስምንት ተራ ይዘናል። አራቱ ከኛ፣ አራቱ ከጀመዓው ልጆች ናቸው። እኛ ደጅ እናደርሳለን፣ ውስጥ እነሱ ያስገባሉ። የቀረችን አንድ ነገር ናት። ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ ባጃጅ አይገባም። በቃሬዛ እንዳንይዛቸው «ሳልሞት?» ብለው ተቆጡ። ምን ይሻላል?

ፊዚዮዋ

ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ የእንጨት ወንበር ፈልጉ። በሁለቱም ጎን ረጅም አጣና እሰሩበት። ለአራት ትሸከሙታላችሁ። ደረታቸው ላይ በነጠላ ይታሰሩ፣ ሥራቸው ወፍራም ትራስ ይሁን። ቁልቁል ስትወርዱ ፊታቸው ወደ ዳገቱ ይዙር። ከመጀመራችሁ በፊት ግን መጥቼ ቆዳቸውንና አቀማመጣቸውን ልይ። ማክሰኞ ከሰዓት ይመቸኛል።

ባለ ክራንቹ

አጣናው እኔ ጋ አለ። ማክሰኞ ሸዋ በር መጥታችሁ ውሰዱ። መሸከሙ ላይ አልገባም፣ ፊት ፊት እየሄድኩ መንገድ አስለቅቃለሁ።